ሕግ በዘበኛ ወይስ በኅሊና?

ሰው ከክፉ ሥራ የሚታገደው ዘበኛ ስለሚያየው ነው ወይስ ኅሊናው ስለሚወቅሰው? ይህ ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ የክርክር ማኅበር የታወቀ ነው። አንደኛው ወገን ይነሣና «ፖሊስ ለአንድ ሌሊት ከከተማ ይውጣ፤ እናንተም በራችሁን ሳትቈልፉ ተኙ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፖሊስ ቢቆምለት ለፖሊሱስ ማን ይቆምለታል?» ብሎ ይመልሳል። ሰሚው ያጨበጭባል፤ ዳኞቹም ነጥብ ቈጥረው ለአንዱ ይፈርዱለታል፤ ነገሩ ግን እንደ ነበረ ይቀራል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን እንደ ገና ከፍተን ነጥብ ለመቍጠር አላሰብንም። ታሪክን መጠየቅ ይሻላል ብለን ነው የተነሣነው። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ወዲህ ዘበኛው ፈጽሞ የጠፋበት ጊዜ ደርሶባታል፤ ዘበኛው በየማዕዘኑ የቆመበት ጊዜም ደርሶባታል። በተለይም ከቀበና ማዶ ጀምሮ በየካ፣ በመገናኛ፣ በገርጂና በቦሌ የተዘረጋው ምሥራቃዊው የከተማዪቱ ክፍል ከሌሎቹ ሰፈሮች ይልቅ አጥርና ዘበኛ የበዛበት ስለ ሆነ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ብዙ ምስክር ይገኝበታል። ነገር ግን ወደ ቦሌ ከመድረሳችን በፊት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል።

ፖሊስ የሚባለው ስም ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት መንገደኛን በመንገዱ ላይ የሚያቆም አንድ ቃል ነበረ፤ እርሱም «በሕግ አምላክ» የሚለው ነው። የተበደለ ሰው በዳዩን ተከትሎ «በሕግ አምላክ ቁም» ያለው እንደ ሆነ፣ ወይም የዘመኑን ንጉሥ ስም ጠርቶ «በምኒልክ አምላክ» ያለው እንደ ሆነ፣ የተጠራው ሰው ምንም ጕልበተኛ ቢሆን መቆም ነበረበት። ሳይቆም ቢሄድ ከመጀመሪያው ጥፋት ሌላ ሁለተኛ ጥፋት፣ ያውም በንጉሡ ላይ የተደረገ ድፍረት ይሆንበታል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ባለጋራዎች የነጠላቸውን ጫፍ ከጫፍ ቋጥረው ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛው ሩቅ የሆነ እንደ ሆነም በመንገድ ያገኙትን አንድ የተከበረ ሰው «ዳኘን» ይሉታል፤ እርሱም የራሱ ጉዳይ ቢኖርበት እንኳ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማል። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ይህን ባዩ ጊዜ እጅግ ይደነቁ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ያለ ወታደር በአንድ የጨርቅ ቋጠሮ ተያይዘው ሲሄዱ ማየት ለእነርሱ እንግዳ ነገር ነበረና።

ቋጠሮውን ሕፃን ልጅ እንኳ ይፈታዋል። ታዲያ ሰውየውን ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው? ኅሊናው ነው እንዳንል ጥቂት ቀደም ብሎ የሰው ንብረት የወሰደ ወይም ሰው የደበደበ ነው። ዘበኛ ነው እንዳንል በአጠገቡ የቆመ ዘበኛ የለም። ቃሉን መርምረን ስናየው ሕግን ይጠራል፣ አምላክን ይጠራል፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ግን በቃሉ ውስጥ ያልተጠራ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ጥሪውን የሚሰማው መንገደኛ ነው። ቃሉ ከተጠራ በኋላ በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ ምስክር ይሆናል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍም ነውር ነው። ሰውየው ቋጠሮውን ፈትቶ ቢሮጥ የሚሮጠው ከአንድ ከሳሽ ሳይሆን ከአገሩ ሁሉ ነው። ስሙ ይታወቃል፣ አባቱ ይታወቃል፣ መንደሩና ደብሩ ይታወቃል፤ ሮጦ የት ይገባል?

በዚህ ላይ ደግሞ የዋስ ሥርዐት ነበረ። ክርክር ሲጀመር «ዋስ ጥራ» ይባላል። የተጠራው ዋስ ሰውየውን ያላቀረበ እንደ ሆነ ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዋስ የሚሆን ሰው አስቀድሞ የወዳጁን ጠባይ መርምሮ ያውቃል፤ ዋስ ከሆነም በኋላ ወዳጁ የት እንደ ዋለና የት እንደ ዐደረ ይጠይቃል። ይህን የመሰለ ትጉህ ጠባቂ መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ ሊያገኝ አይችልም። ዋስ ያጣው ሰው ግን ከባለጋራው ጋራ በሰንሰለት ይቈራኛል። ቁራኛ ለታሰረው ብቻ ሳይሆን ለከሳሹም እስራት ነበረ፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል። ይህ ሁሉ ሆኖ ፍርዱ ሲሰጥ የተረታው ሰው በአብዛኛው ይቀበለው ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ምሳሌ ከዚህ ልማድ የተወለደ ነው። በቅሎን ያህል ሀብት በዳኛ ፊት ያጣ ሰው፣ አንዲት ጭብጦ ያለ ዳኛ ከተወሰደችበት ሰው ይልቅ እንቅልፍ ያገኛል ማለት ነው።

ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይጠራል። የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ከነጭራሹ ካልወጣ አገሬው አዋጥቶ የጠፋውን ይከፍላል። ስለዚህ የጐረቤት ሌብነት የጐረቤት ዕዳ ነበረ፤ ልጁ ማታ የት እንደሚሄድ የማይጠይቅ አባትም በማግሥቱ አፈርሳታ ላይ ሥራ ፈትቶ ለመዋል የወሰነ ያህል ነበረ።

የጥንቱን ሁሉ ወርቅ አድርገው ከሚያዩት ሰዎች ጋራ ግን አንስማማም። አፈርሳታ በመከርና በእርሻ ጊዜ ድኻውን ከሥራው ያግደው ነበር። ከዚያም የከፋ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበረ። አንድ ብላቴና መድኀኒት ጠጥቶ ራሱን ከሳተ በኋላ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በዚህ ዐይነት ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተጐዳ እግዚአብሔር ይወቀው፤ መቅረቱም መልካም ሆነ። ደግሞም «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል በሁሉ ስፍራ አይሠራም ነበር። በቆላው ገደልና በበረሃው መንገድ ሽፍታ ነበረ፤ ነጋዴም ብዙ ጓዝ ሆኖ በነጋድራስ ካልተመራ በቀር ያን መንገድ አይደፍርም። ልብ ማለት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ሽፍታውም ያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ በልጅነቱ ያንኑ ጸሎት የተማረ፣ ያንኑ ጾም የጾመ ነው። ኅሊናው ከመንደሩ ሲወጣ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ነገር በመንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ማጣቱ ነው።

ከተማ ማለት ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚኖሩበት ስፍራ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መጀመሪያ ከተማ አልመሰለችም፤ የብዙ መኳንንት ሰፈሮች ስብስብ ነበረች። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች እስከ ዘመናችን የቆዩት ስለዚህ ነው። በየሰፈሩ ያለው ሰው የአንድ ጌታ ሰው ስለ ነበረ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ያጠፋውንም ጌታው ይጠየቅበታል። ሁሉ ከሁሉ ጋራ የሚደባለቅበት ስፍራ አራዳ ነበረ፤ በዚያ ገበያ የወለጋው ከጐንደሬው፣ የሐረሩ ነጋዴ ከግሪኩና ከአርመኑ ጋራ ይገናኛል። የከተማዪቱ የቀድሞ ፖሊስ ስሙ «የአራዳ ዘበኛ» መባሉ በአጋጣሚ አይመስለንም። ዘበኛ ያስፈለገው በመጀመሪያ ሰውና ሰው በማይተዋወቅበት ስፍራ ነው።

ከዐድዋ ድል በኋላ በምሥራቅ በኩል ሌላ ዐይነት ሰፈር ተቈረቈረ። የእንግሊዝ፣ የሩሲያ፣ የኢጣልያና የፈረንሳይ ሌጋሲዮኖች በዚያ ወገን ሰፊ ሰፊ ቦታ ተሰጣቸው፤ አጥራቸውን አጠሩ፣ የራሳቸውንም ዘበኛ አቆሙ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋራ በተደረገው፣ በክሎቡኮቭስኪ ስም በሚታወቀው ውል ደግሞ የውጭ አገር ሰው የሚዳኝበት ሥርዐት ከአገሬው የተለየ ሆነ። በአንዱ ቀን በአንዱ መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ሕጋቸው አንድ አልነበረም ማለት ነው። ይህን የምናነሣው በዚያ ዘመን ሰዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ መንግሥታችን ነጻነቱን ለማስጠበቅ በብዙ መንገድ መታገሥ ነበረበት። ነገር ግን «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል የጨርቅ ቋጠሮ እንዲሆን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑበት አንድ ሕግ መኖሩ ነው። በምሥራቁ በኩል ያ ቋጠሮ ከመጀመሪያው ላልቶ ነበር።

እንግዲህ ዘበኛው ወደ ጠፋበት ጊዜ እንምጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ መሄዳቸው በከተማው ተሰማ። የኢጣልያ ጦር የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመካከል አዲስ አበባ ያለ ንጉሥ፣ ያለ ዳኛና ያለ ዘበኛ ዋለች፣ ዐደረችም። በአራዳ የነበሩት ሱቆች ተሰበሩ፣ ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ ተኵሱ ቀንና ሌሊት አላቋረጠም። የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ አለቃ የነበሩት ዶክተር ጆን ሜሊ ሚያዝያ 25 ቀን ከመንገድ ላይ ቍስለኞችን ሲያነሡ በጥይት ተመትተው ጥቂት ቀን ሳይቆዩ ሞቱ። እኒህ ሰው ከአገራቸው የመጡት የኢትዮጵያን ቍስለኞች ለማከም ነበር። በምሥራቅ በኩል በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ከሺህ የሚበልጡ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ተጠልለው የሲክ ወታደሮች አጥሩን ይጠብቁላቸው ነበር።

«እነሆ ማስረጃው! ዘበኛ በጠፋ በአንድ ቀን ሰው ሁሉ ወንበዴ ሆነ» የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በዚያ ቀን የጠፋው ዘበኛው ብቻ አልነበረም። ከማይጨው የተመለሰው ወታደር ያለ አለቃና ያለ ስንቅ ጠመንጃውን ብቻ ይዞ በየመንገዱ ነበር። ንብረቱ ለጠላት ከሚቀር እኛ እንውሰደው ብለው ያሰቡም ነበሩ። ከሁሉም በላይ ማንም ማንን «ቁም» ሊለው የማይችልበት ሰዓት ነበረ። በማን አምላክ ይለዋል? ስሙ የሚጠራው ንጉሥ በባቡር ላይ ነው፤ ዳኛውም ልጆቹን ይዞ ተሰዷል። የሚሰማውም መንገደኛ በጨለማና በጭስ ውስጥ ፊቱ አይታይም።

ከዚህ በኋላ አሥር ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ይህችው ከተማ የታጠቀ ጠባቂ ሞልቶባት ሳለች በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። በሚያዝያ ሦስት ቀን ያህል ዝርፊያ ሆኖ ነበር፤ በየካቲትም ሦስት ቀን ጭፍጨፋ ሆነ። በዚህ ጊዜ ቤት የሚያቃጥለውና ሰው የሚገድለው ሥርዐት አስከባሪ ተብሎ የመጣው፣ የመንግሥት ልብስ የለበሰውና የመንግሥት ደመወዝ የሚበላው ነው። በሚያዝያ ዘበኛ ስላልነበረ ሕግ ጠፋ ያለ ሰው በየካቲት ዘበኛ ሞልቶ ሳለ ሕግ የጠፋበትን ምክንያት ሊነግረን ይገባል።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር አንድ ነገር ብናነሣ ለአንባቢ ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በመስከረም 1944 ዓ.ም. ጀርመኖች የዴንማርክን ፖሊስ በአንድ ቀን ያዙት፤ ሁለት ሺህ የሚያህሉትንም ወደ ጀርመን የእስር ሰፈር ላኩ። ዴንማርክ እስከ ግንቦት 1945 ድረስ፣ ሰባት ወር ያህል፣ ያለ ፖሊስ ቀረች፤ ሕዝቡ ያቋቋመው ጥቂት የጥበቃ ጓድ ብቻ ነበረ። በዚያ ጊዜ የሆነውን የመረመሩት ሊቃውንት እንደ ጻፉት በኮፐንሃገን ቅሚያና ስርቆት እጅግ በዛ። የሚያስገርመው ግን አድራጊው አስቀድሞ የሚታወቅበት ወንጀል፣ ማለት ገንዘብ ያዥ የተሰጠውን ዐደራ መብላትና ማጭበርበር፣ እንደዚያ አልበዛም። በድንገት ኪስ የሚያወልቀው ሰው ስም የለውም፤ የድርጅት ሒሳብ የሚያጐድለው ሰው ግን ስሙ በመዝገብ ላይ አለ። እንግዲህ ፖሊሱ ሲጠፋ ሰውን የያዘው ይህ መታወቅ ነው ለማለት እንደፍራለን። የካናዳ ከተማ ሞንትሪያልም በአውሮፓ አቈጣጠር በጥቅምት 1969 ፖሊሶቿ ለአንድ ቀን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ባንኮቿ ተዘረፉ፣ የሱቆቿ መስተዋት ተሰበረ። ያም ቢሆን በግርግር፣ ሰው በማይታወቅበት ጊዜ የሆነ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አለው፤ «ይሉኝታ» ይለዋል። ይሉኝታ ፖሊስ አይደለም፣ ኅሊናም አይደለም፤ ሰውየው በራሱ ውስጥ የሚሸከመው የጐረቤት ዐይን ነው። መምህራን ሲያስተምሩ ይሉኝታን እንደ ድካም ቈጥረው ሲነቅፉት እንሰማለን፤ በመሥሪያ ቤትም ይሉኝታ የያዘው ሹም እውነቱን መናገር ያቅተዋል። ነቀፋው ትክክል ነው። ነገር ግን ይሉኝታ ፈጽሞ የጠፋበት ሰፈር ምን እንደሚመስል ተመልክቶ መንቀፍ ደግ ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ሕጉ በመጽሐፍ ተጻፈ፤ ዳኛውም ከዛፍ ጥላ ወደ ችሎት አዳራሽ ገባ። የቦሌ ዘመን የጀመረውም በዚሁ ወራት ነው። የልደታው የአውሮፕላን ሜዳ ለጄት አውሮፕላን የማይበቃ ስለ ሆነ በእርሻ መሬት ላይ አዲሱ ሜዳ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ጄቶቹ መጡ፤ ከከተማው እስከ ሜዳው በተዘረጋው ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ቪላዎች በቀሉ። አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ፦ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የአገሪቱ መኪና ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረ። በዚያን ቀን ፖሊስ በየመንገዱ መቆሙ አይቀርም፤ በማግሥቱና በሦስተኛው ዓመት ግን ባለመኪናው ቀኙን ይዞ የነዳው ፖሊስ ፈርቶ አይደለም፣ ኅሊናው ግራን ኀጢአት ነው ብሎትም አይደለም። ሌላው ሁሉ ቀኙን እንደሚይዝ ስላመነ ነው። ብዙው ሕጋችን የሚኖረው በዚህ እምነት ነው።

የቦሌ ቪላ ግን ከአሮጌው ሰፈር የሚለየው በአጥሩ ነው። በአሮጌው ሰፈር የጭቃ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይለዋል። በቦሌ ግንቡ ከፍ ይላል፤ በግንቡ ራስ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ በኋላም እሾሃማ ሽቦ ተጨመረ፤ በበሩም ላይ ካፖርት የለበሰ ዱላ የያዘ ዘበኛ ተቀመጠ። ባለቤቱ የግራ ጐረቤቱን ስም ላያውቅ ይችላል። ዘበኞቹ ግን ማታ ማታ በየበሩ ወጥተው ስለሚጨዋወቱ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። የሰፈሩ ይሉኝታ ከባለቤቶቹ ወደ ዘበኞቹ ተላልፏል ብንል ቀልድ ብቻ አይሆንም።

ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ በኋላ የከተማው ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌ ሲቋቋም ጐረቤት ከጐረቤት በግድ ተዋወቀ። ይህ ለሕግ መከበር ይበጃል ሊባል ይቻል ነበር። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ በየመንገዱ ጠመንጃ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ የጐረቤት ዐይን የሚያስፈራ ዐይን ሆነ። ሰው የሚያውቀውን ሰው በመንገድ ሲያገኝ ፊቱን ያዞር ነበር፤ መታወቅ ራሱ አደጋ ነበረና። በማለዳ ሬሳ በመንገድ ዳር ይገኛል፤ እናት ልጇን አይታ «ልጄ ነው» ማለት ትፈራለች። በዚያ ዘመን ሌባ አልነበረም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይሁን፤ ነገር ግን ሌባ የሌለበትን ያን ጸጥታ ሕግ ብለን ለመጥራት አንደፍርም። «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ከከተማችን መንገድ የደበዘዘው ከዚያ ወዲህ ይመስለናል፤ ቃሉን ሰምቶ መቆም ቀርቶ ቃሉን የሚጠራም ሰው ጠፍቶ ነበርና።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኀይለ ማርያም ከአገር ወጡ፤ ኢሕአዴግ ወደ ከተማ የገባው ግንቦት 20 ቀን ነው። በመካከሉ ባለው ሳምንት ከግንባር የተበተነው ወታደር ጠመንጃውን በርካሽ እየሸጠ በየመንገዱ ነበር። የ1928 ዓ.ም. ታሪክ የሚደገም መስሎ ታይቶ ነበር። ዝርፊያ አልነበረም አንልም፤ ነበረ። ከተማዪቱ ግን አልተቃጠለችም። ከዚያም በኋላ የቀድሞው ፖሊስ ከሥራው ውጭ ሆኖ አዲሱ እስኪደራጅ ድረስ በየቀበሌው የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የሰፈሩ ወንዶችም በተራ ሮንድ ይዞሩ ነበር። ባለሱቁ፣ መምህሩ፣ ሹፌሩ ዱላና ባትሪ ይዘው በአንድ ሌሊት አብረው ይወጣሉ፤ እስከ ንጋትም ስለ ኑሮ ይጨዋወታሉ። ሮንድ የወጣ ሰው በማግሥቱ ጐረቤቱን በስሙ ይጠራዋል፤ የእርሱንም ልጅ ከሌላው ሰፈር ልጅ ለይቶ ያውቃል። ሌባ መያዛቸውን ሳይሆን ይህን መተዋወቃቸውን ነው የዚያ ጊዜ ሰዎች ዛሬ ሲያነሡ የምንሰማው።

ከዚያ ወዲህ ምሥራቁ ሰፋ። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የመጀመሪያዎቹ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ተሠሩ፤ ከዚያም ሰሚት፣ አያትና ሌሎቹ ተከተሉ። የኮንዶሚኒየም ነገር ለጥያቄያችን እጅግ ይጠቅማል። ባለዕድሉ በዕጣ ስለሚገባ በአንድ ደረጃ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ከየሰፈሩ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከሽሮ ሜዳ፣ አንዱ ከክፍለ ሀገር ነው። በአራዳ ገበያ እንደ ነበረው ሁሉ ሰውና ሰው አይተዋወቅም። መጀመሪያ ላይ የውሃ ቈጣሪ ይሰረቃል፣ የደረጃው አምፖል ይጠፋል፤ ከላይ ፎቅ የተጣለው ቆሻሻ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ያዝዛል፤ ማኅበሩም ዘበኛ ይቀጥራል። እኛ እንዳየነው ግን ሰዎቹን የሚያስተዋውቃቸው ዘበኛው አይደለም፤ ልቅሶ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ድንኳን መጣል አለበት፣ ወንበር መበደር አለበት፣ ወጥ የሚሠራበት ቦታ መፈለግ አለበት፤ በማግሥቱ ዕድር ይቋቋማል፤ ለዕድሩም ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። የዕድር መሪ «ዳኛ» መባሉን አንባቢ ልብ ይሏል። ዕድር ባለበት ሕንፃ አምፖሉ ይቆያል። ይህን ስንል ቈጥረን አይደለም፤ ወጥተን ወርደን ያየነውን ነው።

ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄደውን ሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ሰውም ጥያቄያችንን በአንድ ጕዞ ሊያጠናው ይችላል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ በትርፍ የተጫኑትን «ጐንበስ በሉ» ይላቸዋል፤ እነርሱም፣ መምህሩም ተማሪውም የመንግሥት ሠራተኛውም ሳይቀሩ፣ ታዛዥ ሆነው ይጐነበሳሉ። ፖሊሱ ካለፈ በኋላ ሁሉም ቀና ብለው ይሣሣቃሉ። እዚያው መኪና ውስጥ ግን ከኋላ ወንበር የተላከው የመቶ ብር ኖት በአራት ሰው እጅ አልፎ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው እጅ አንዲት ብር ሳትጐድል ይመለሳል። ከላኪው በቀር የሚቈጣጠር የለም፤ እርሱም በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል። እኒያው ሰዎች አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ዐይነት ሰው ሆኑ። በትራፊኩ ሕግ በኩል ጐረቤት ከጐረቤት ጋራ ሆኖ ፖሊሱን ያታልላል፤ በገንዘቡ በኩል ግን ጐረቤቱ ራሱ የሚታለለው ሰው ስለ ሆነ እጅ አይሰበሰብም። በሰልፉም እንዲሁ ነው። በመገናኛ ማታ የታክሲ ሰልፍ ረዝሞ ሳለ አንድ ሰው ከፊት ሊገባ የሞከረ እንደ ሆነ ተራ አስከባሪው ከመድረሱ በፊት ከሰልፉ መካከል አንዲት ሴት «ሰልፍ አለ እኮ!» ትላለች፤ ሰውየውም ጐረምሳ ቢሆን እንኳ ወደ ኋላ ይሄዳል። አያቶቻችን ቃሉን ቢሰሙ ያውቁታል እንላለን፤ ሕጉንና አምላኩን ሳይጠራ ቀርቶ መንገደኛውን ብቻ የጠራ «በሕግ አምላክ» ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል፤ እርሱም የቦሌው ዘበኛ ነው። ተከራካሪው ተማሪ «ለፖሊሱስ ማን ይቆምለታል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ባለቤቱ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ቤቱንና ልጆቹን፣ መኪናውንና የበሩን ቍልፍ ለአንድ ሰው ትቶ ይሄዳል። ያ ሰው በሌሊት ብቻውን ነው፤ ፖሊስ አያየውም። ኅሊናውንም ቢሆን ባለቤቱ ከጥቂት ወር በፊት ስለማያውቀው ሊመካበት አይችልም። ታዲያ ሲቀጥረው የጠየቀው ነገር ምን ነበረ? የትምህርት ማስረጃ አልጠየቀውም፤ ጕልበቱንም ብዙ አልመረመረም። «ዋስ አለህ ወይ?» አለው። ሰውየውም የአገሩን ልጅ፣ በኮተቤ ወይም በጉርድ ሾላ ቀድሞ ሥራ የያዘውን፣ ይዞት መጣ፤ እርሱም መታወቂያውን አሳይቶ ፈረመ። ዘበኛው ሌሊቱን ጋቢውን ተከናንቦ በበሩ ላይ ሲቀመጥ ዋሱ በከተማው በሌላው ጫፍ ተኝቷል።